ክላውድ ለመማር የዶላር ካርድ አያስፈልግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ጋር ማንበብ ልማዴ ነው፤ ጽፌላችሁ ግን አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት አንድ ጉዳይ ውስጤን ሲከነክነኝ ስለከረመ ነው።

እኔ በኮምፒውተርና በኔትወርክ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ጀመረች። የምታየው ማስታወቂያ ሁሉ የክላውድ ልምድ ይጠይቃል። እሺ ልማር ብላ ተነሳች። ትልልቆቹ የውጭ የክላውድ ድርጅቶች ለጀማሪ ነጻ የሙከራ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ችግሩ ገና ስትመዘገብ በዶላር የሚሠራ የባንክ ካርድ ቁጥር አስገቢ ይሏታል። ከየት ታምጣ? ውጭ አገር ያለውን የጓደኛዋን ወንድም ለመነች። እሱም ሳላውቀው ገንዘብ ቢቆርጥብኝስ ብሎ ፈራ፤ አይፈረድበትም። አንድ ማታ ቤቴ መጥታ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለእኛ አልተሠራም ማለት ነው?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ያኔ ለእሷ የመለስኩላትን ነው ለአንባቢዎቻችሁም መንገር የምፈልገው። ክላውድ ለመማር የሰው ክላውድ መከራየት የግድ አይደለም። የራስን ክላውድ መሥራት ይቻላል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ስሙ ኦፕንስታክ ይባላል። ለመማሪያ የሚሆነው ደግሞ አንድ ደህና ዴስክቶፕ ላይ ይነሳል።

ክላውድ ሲባል ብዙ ሰው አየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ይመስለዋል። አንድ ሰፊ ግቢ ያለው አከራይ አስቡ። ግቢው አንድ ነው፤ ውስጡን ግን ከፋፍሎ ለአሥር ቤተሰብ አከራይቶታል። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና የራሱ ቁልፍ አለው፤ የጎረቤቱን ክፍል ከፍቶ መግባት አይችልም። ክላውድም እንደዚሁ ነው። አንድ ወይም አንድ ሺህ ኮምፒውተር አለ፣ ሶፍትዌሩ ከፋፍሎ ለብዙ ሰው ይሰጠዋል፣ ለተከራዩ ግን የደረሰችው ክፍል ራሷን የቻለች ሙሉ ኮምፒውተር ናት። ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ለመጨመር ብሎኬትና ግንበኛ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን አንድ ትእዛዝ ጽፈህ ክፍሏ ወዲያው ትሠራለች፣ ሲበቃህም ታፈርሳታለህ። ኦፕንስታክ የአከራዩን ሥራ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ኪስቶን የሚባለው ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ማን ምን እንደተፈቀደለት ያጣራል። ኖቫ ክፍሎቹን ይሠራል። ኒውትሮን መስመር ይዘረጋል፣ ሲንደር ተጨማሪ ዲስክ ይሰጣል፣ ግላንስ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ቅጂዎችን ያስቀምጣል። ሆራይዘን በብሮውዘር የምታዩት ገጽ ነው። ሌሎችም ብዙ ናቸው፤ ለጀማሪ እነዚህ ይበቃሉ።

ልጆቹ መጀመሪያ ስነግራቸው "ነጻ ከሆነማ መጫወቻ ነው" አሉኝ። አይደለም። ይሄ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ለራሱ ኔቡላ የሚባል ክላውድ እየሠራ ነበር፤ ራክስፔስ የሚባለው የቴክሳስ ኩባንያ ደግሞ ለፋይል ማከማቻ የሚሆን ኮድ ነበረው። ሁለቱ ያላቸውን አዋጥተው ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። የመጀመሪያው ዕትም ኦስቲን ተብሎ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወጣ። ከዚያ ወዲህ የዕትሞቹ ስም የእንግሊዝኛን ፊደል ተራ እየተከተለ እስከ ዜድ ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አንቴሎፕ ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ተነሳ። ጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን፣ ያ የአቶም ቅንጣቶችን የሚያጋጨው የምርምር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የራሱን ክላውድ የሚያስተዳድረው በዚሁ ሶፍትዌር ነው፤ ከ300,000 በላይ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ደርሶ ነበር። እዚያ የሚሠራውና እናንተ ቤታችሁ የምታወርዱት ኮድ ያው አንድ ነው። ፈቃዱ አፓቼ 2.0 ስለሆነ ልትጠቀሙበት፣ ልትቀይሩት፣ በሱ ነግዳችሁ ልታተርፉም ትችላላችሁ።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ። በእህቴ ልጅ ላይ ሦስት ጓደኞቿ ተጨመሩና እሑድ ከሰዓት ቤቴ መሰብሰብ ጀመርን። አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነበረኝ። ራሙን 16 ጊጋባይት አደረግነው፣ ዲስኩ 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። በ8 ጊጋባይትም ይሞከራል፣ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። ማሽኑ ባዮስ (ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን የሚል ማብሪያ አለው፤ መከፈቱን አረጋግጡ። ብዙ ማሽን ላይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ያንን ረስቶ አንድ ሳምንት ሶፍትዌሩን የሚወቅስ ሰው አውቃለሁ።

ለጀማሪ የሚሆነው መንገድ ዴቭስታክ ይባላል። ኦፕንስታክን በአንድ ማሽን ላይ በአንድ ስክሪፕት (ተራ በተራ በሚፈጸም የትእዛዝ ዝርዝር) የሚያስነሳ ነው። እባካችሁ የምትሠሩበት ላፕቶፕ ላይ አትጫኑት። ይሄን ደጋግሜ ነው የምለው። ዴቭስታክ የማሽኑን ኔትወርክም ዳታቤዝም እንደፈለገ ይቀያይራል። ከልጆቹ አንዱ ቤቱ ሄዶ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ሞከረውና ኢንተርኔቱ ድራሹ ጠፋ። ፋይሎቹን በፍላሽ አውጥተን ማሽኑን እንደ አዲስ እስክንጭነው ሁለት ቀን ፈጀብን። ምንም ነገር የሌለበት፣ ቢበላሽ የማያስለቅስ ማሽን ይሁን። እላዩ ላይ ንጹሕ ኡቡንቱ (ነጻ የሆነ የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ጫኑ፤ 24.04 ጥሩ ነው።

ከዚያ ስታክ የሚባል ተጠቃሚ ትፈጥራላችሁ፣ ሙሉ ሥልጣን ትሰጡታላችሁ፣ በሱ ትገባላችሁ። ጊት በሚባለው መሣሪያ ኮዱን ታወርዳላችሁ። ሎካል ዶት ኮንፍ የሚባል ፋይል ውስጥ አራት የይለፍ ቃል ትጽፋላችሁ፤ ለአድሚኑ፣ ለዳታቤዙ፣ ለራቢት የመልእክት አመላላሹ፣ ለሰርቪሶቹ። በመጨረሻ ስታክ ዶት ኤስኤች የሚለውን ስክሪፕት ታስነሳላችሁና እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትጠብቃላችሁ።

ሰነዱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል ይላል፤ እንደ ኢንተርኔቱ ፍጥነት ነው የሚለውንም ጨምሯል። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀምረን ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ገና ፓኬጅ እያወረደ ነበር። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ ልጆቹ ዐይናቸውን አልነቀሉም። ሊያልቅ ሲል መብራት ድርግም አለ።

ማንም አልተናገረም። የእህቴ ልጅ ብቻ በጨለማው ውስጥ "እንደገና ልንጀምር ነው?" አለች። አዎ፣ እንደገና ጀመርን። ዴቭስታክ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ራሱን ችሎ በደንብ እንዲነሳ ተደርጎ አልተሠራም፤ ለሙከራ ነው የተሰናዳው። በሚቀጥለው እሑድ ከመሥሪያ ቤት የተጣለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚይዘውን፣ ባትሪ ቀይሬለት ይዤ መጣሁ። እናንተም ብትችሉ ከዩፒኤስ ጀምሩ፣ ባትችሉ መብራት በማያስቸግርበት ሰዓት ሌሊት ሥሩ። ኢንተርኔቱም ሌሊት ይሻላል፣ የሌሊት ጥቅሉም ይረክሳል።

ሁለተኛው ቀን ተሳካ። ስክሪፕቱ ሲጨርስ የሆራይዘንን አድራሻና ሁለት ተጠቃሚ፣ አድሚን እና ዴሞ የሚባሉ፣ አወጣልን። አራቱም በየስልካቸው ገብተው አዩት። አሁን የመጀመሪያዋን ቨርቹዋል ማሽን፣ ቅድም ክፍል ያልኳትን ማለት ነው፣ እንፍጠር አልን። ልጆቹ ጓጉተዋል፣ የመጠን ዝርዝሩን ሲያዩ ትልቁን፣ ኤም-1 ኤክስ-ላርጅ የሚለውን መረጡ። ትንሽ ቆየና ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ኖ ቫሊድ ሆስት ዋዝ ፋውንድ። የሚያስተናግድሽ ማሽን አላገኘሁም ማለቱ ነው።

ኦፕንስታክ የነካ ሰው ሁሉ ይሄን ጽሑፍ ያውቀዋል። እኔ መልሱን ወዲያው አውቄዋለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ይፈልጉት ብዬ ነው። አንዱ እንደገና እንጫነው አለ፣ ሌላው ኔትወርኩ ነው አለ። ሎጉን፣ ሲስተሙ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፍተው አንድ ሰዓት አነበቡ። በመጨረሻ ዝም የምትለው ልጅ የመጠን ዝርዝሩን በወረቀት ጻፈችው። ኤክስ-ላርጅ 16 ጊጋባይት ራምና 160 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል። የእኛ ማሽን ጠቅላላ ራሙ 16፣ ዲስኩ 120 ነው። "የሌለንን ነው የጠየቅነው" አለች። ኤም-1 ታይኒ የሚለውን፣ 512 ሜጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ዲስክ ብቻ የሚፈልገውን መረጡና ማሽኗ ተነሳች። ሲርኦኤስ የሚባለው የመሞከሪያ ሲስተም 20 ሜጋባይት አካባቢ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው።

ፒንግ ስናደርግላት፣ በኔትወርክ አለሽ ወይ ብለን ስንጠይቃት ማለት ነው፣ ግን አትመልስም። ይሄኛው ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ነበር፤ ካልፈቀዳችሁለት በስተቀር ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ይዘጋል። ፈቀድንለት። መልሱ መቁጠር ሲጀምር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ፣ ልጆቹ እየተቃቀፉ ጮኹ። ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ መጣች።

እነዚህን ሁለት ስህተቶች ያስረዘምኩት እዚያ ውስጥ ትምህርቱ ስላለ ነው። ቁልፍ ብቻ መጫን የለመደ ልጅ የተከራየው ክላውድ ሲበላሽበት ለድጋፍ ሰጪው ደብዳቤ ጽፎ መጠበቅ ነው ዕጣው። ከሥር ያየችው ልጅ ግን ማሽኗ ለምን አልተነሳችም ተብላ ብትጠየቅ ራም አልበቃም፣ በር ተዘግቷል፣ መስመር አልተዘረጋም ብላ አንድ በአንድ ትፈትሻለች። የማሽን መጠን መምረጥ፣ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ፣ ከውጭ የሚያስገባ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ)፣ ተጨማሪ ዲስክ፣ እነዚህ ሁሉ በውጭዎቹ ክላውድ ውስጥ ስማቸው ትንሽ ይለያል እንጂ ሐሳባቸው ያው ነው። የእህቴ ልጅ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ የተጠየቀችው ስለሌላ ክላውድ ነበር፤ ያየችውን ተናግራ አለፈች። አሁን ሥራ ላይ ናት።

እውነቱን ልናገር፣ ኦፕንስታክ ቀላል ነው አልልም። የሊኑክስ ትእዛዞችና የአይፒ አድራሻ አከፋፈል ሳታውቁ ብትገቡበት ትጠፋላችሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ወር ሊኑክስ ላይ ቆዩ። ዴቭስታክም ለመማሪያ እንጂ ለድርጅት ሥራ አይሆንም። በደንብ ከለመዳችሁት በኋላ ኮላ-አንሲብል ወደሚባለው እለፉ፤ እያንዳንዱን ክፍል በኮንቴይነር (ለየብቻው በታሸገ ጥቅል) አድርጎ ይጭነዋል፣ ለትክክለኛ ሥራም ያገለግላል። ለሱ በአንድ ማሽን ለመሞከር ሁለት የኔትወርክ ካርድ፣ 8 ጊጋባይት ራምና 40 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል። እኛ ሁለተኛውን ኔትወርክ ካርድ ከአንድ የተበላሸ ኮምፒውተር ነቅለን ነው የጨመርነው።

ኮዱ ውስጥም እጃችሁን ማስገባት ትችላላችሁ። አብዛኛው የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ ፓይተን ደግሞ አሁን ያልተማረ ተማሪ የለም። ለጀማሪ የሚሆኑ ቀላል ስህተቶች ምልክት ተደርጎባቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ሰነዱ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አግኝታ አስተካክላ ላከች። ከሦስት ቀን በኋላ የማታውቀው ገምጋሚ ማብራሪያሽን እንዲህ አድርገሽ ጻፊው ብሎ መለሰላት። አልተቀበሉኝም ብላ አልቅሳ ደወለችልኝ። አይደለም፣ እዚያ የሁሉም ሥራ እንደዚህ እየተመላለሰ ነው የሚጠራው፣ የቆዩት ባለሙያዎችም ይመለስባቸዋል አልኳት። አስተካክላ መልሳ ላከች፣ ገምጋሚዎቹ አጸደቁት፣ አውቶማቲኩ ፈተና አለፈና ገባ። ስሟ ዛሬ እዚያ ላይ አለ፤ ሥራ ቀጣሪ አምጪ ሲላት የምታሳየው ነገር አላት። ማንም ካርድ አልጠየቃትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሁሉም ልጅ ዴስክቶፕ ያለው አጎት የለውም።

ከተወሰነ ጊዜ በፊት ለሥራ አንድ የትምህርት ተቋም ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ማሳፈር አልፈልግም። ገመድ ፍለጋ መጋዘን ገባን። በስተኋላ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር፣ አምስት ሰርቨር ተደራርበው አቧራ ለብሰዋል። አንዱን ክዳኑን ከፈትኩት፤ ውስጡ 64 ጊጋባይት ራም አለው። እኔ ቤት አራት ልጅ በ16 ጊጋባይት ይሻማል። ምን ሆነው ነው አልኩ። በአዲስ ተተክተዋል፣ እስኪወገዱ ነው ተባልኩ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ? ከአምስት ዓመት። ለተማሪዎቹ መለማመጃ ለምን አይሰጡም ስል የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ "ሞዴል 22 ሳይቆረጥ በምን አወጣለሁ፣ ጎደለ ተብሎ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለኝ። እውነቱን ነው። በደመወዙ የሚጠየቅ ሰው ነው፣ በሱ አልፈርድም። ከዚያው ግቢ ማዶ ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ስለ ክላውድ በስላይድ ይማራሉ። በስላይድ ብቻ!

ስለዚህ ልመናዬ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለኮሌጆች ኃላፊዎች፣ ለመሥሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊዎችም ነው። ንብረት አውጡና ስጡ አላልኩም። ንብረቱ እዚያው መዝገብ ላይ እንዳለ ይሁን፤ ከመጋዘን ወደ ላቦራቶሪ በወጉ ፈርማችሁ አዛውሩት፣ ኃላፊነቱን መምህሩ ይረከብ። ሦስት አሮጌ ሰርቨርና እነሱን የሚያገናኝ አንድ ስዊች ካለ አንድ ሙሉ ክፍል ተማሪ የየራሱን ማሽን እየፈጠረ እያፈረሰ ይማራል። ዲስኩ ላይ የቆየ መረጃ ካለ አስቀድማችሁ በደንብ አጥፉት፣ ካሰጋችሁ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩት፤ ተማሪው ዲስክ አዋጥቶ ይገዛል።

ይሄ ለልጆቹ ሥራ ማግኛ ብቻም አይደለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር በዶላር የሚከፈል የክላውድ ኪራይ ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ምን እንደሆነ የሚከፍለው ያውቀዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ለማሻገር ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ብዙ ድርጅት መረጃውን እዚሁ ማስቀመጥ ይፈልጋል ወይም ይገደዳል። እዚሁ ሲቀመጥ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲስተሙ ሲወድቅ ተነስቶ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ አንድም ሰርቨር በእጁ ነክቶ አያውቅም።

ከልጆቹ ጋር ስንሠራ የጻፍነው ማስታወሻ አለ። በአማርኛ ነው፣ 22 ገጽ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ስህተት ሲመጣ የትኛው ሎግ እንደሚከፈት፣ መብራት ሲሄድ ከየት እንደሚቀጠል ጽፈንበታል። አንድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤያለሁ። አንባቢ ቢጠይቃችሁ ፎቶ ኮፒ እያደረጋችሁ ስጡልኝ፤ ኮሌጅ ከሆነ የጠየቀው ደግሞ አድራሻዬን ስጡት፣ እሑድ እሑድ መጥቼ አብሬ እጭናለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ